ስለ ስኳሬ የመሰከርኩት ውሸት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ልመሰክር እፈልጋለሁ ብዬ መሪያችንን ወንድም ይርጋን የለመንኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሁለት ሻባት፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ልነሳ ልነሳ እያልኩ መልሼ ተቀምጫለሁ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ጌታ ከስኳር በሽታ ፈወሰኝ ብዬ መስክሬ ነበር። ታስታውሳላችሁ። አጨብጭባችሁልኛል፣ እልል ብላችሁልኛል። ያ ምስክርነት ውሸት ነበር። ዛሬ በዋሸሁበት አፍ እውነቱን ልናገር ነው የመጣሁት። ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን፣ እፍረቱ ለእኔ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ስሜ ባንቺአየሁ ነው፤ ባንቹ ይሉኛል። አገሬ ጎንደር፣ ወገራ ነው። ወደዚህ የገባነው በሱዳን በኩል ነው፣ እኔና ባለቤቴ ካሳ። ሦስት ሆነን ወጥተን ሁለት ሆነን ደረስን። ልጃችን እዚያ መጠለያ ውስጥ ቀረች፤ አራት ዓመቷ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ዳቦ» ነበር፤ እኔ ደግሞ የምሰጣት አልነበረኝም። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነጭ ዳቦ ለምን ጣዖት እንደሆነብኝ እንድታውቁልኝ ነው።

እዚህ አገር የገባን ዕለት ሜርካዝ ክሊታ ወሰዱን፣ መጤዎች የሚያርፉበት ማለቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ዳቦ ተቆልሎ አየሁ፤ ጥጥ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሳ እኔ ሁለት ዳቦ ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ። ከእንግዲህ ዳቦ የሰጠኝን ሰው እምቢ አልልም ብዬ ለራሴ ማልኩ። እንዳልኩትም እምቢ ሳልል ስምንት ዓመት ኖርኩ።

ሬሆቮት ከመጣን በኋላ ወደ መዝከረት ባትያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የአዛውንቶች መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የምበላውን ልንገራችሁ፤ ማፈሬን ከዚህ ልጀምር። ጠዋት ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር። ረፋድ ላይ አዛውንቶቹ ያስተረፉት ኬክ። ምሳ ሩዝ፣ ሩዙንም በዳቦ። ውሃ መጠጣት ትቼ ፔቴል፣ ያንን በውሃ የሚበጠበጠውን ቀይ ጣፋጭ፣ በጠርሙስ አንቆረቁር ነበር። ማታ እቤት እንጀራ፤ ግን ምን እንጀራ ነው? ጤፍ ከየት ይመጣል? በነጭ የስንዴ ዱቄት ነው የምጋግረው። ገብስና ማሽላ፣ ዳጉሳና ሽምብራ በልተን ያደግን ሰዎች እዚህ ስንመጣ ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ በነጭ ሆነ ነገራችን። እኔ ደግሞ በረከት ነው እያልኩ እበላዋለሁ። ቀሚሴ ሲጠበኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። የአገሬ ሰው «ወፈርሽ» ሲለኝ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ወጥ ቤት ነው ጌታን ያገኘሁት። የወንድም ይርጋ ባለቤት፣ እህት ስንታየሁ፣ አብራኝ ድስት ታጥብ ነበር። በእረፍታችን ሰዓት ከአማርኛው ወንጌል ታነብልኛለች። ስለ ልጄ ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። አብራኝ አለቀሰች፣ ጸለየችልኝ፣ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! ይህ እውነት ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ካሳ ግን የአባቶቹን የኦሪት እምነት ይዞ ነው የሚኖረው። ጌታን ተቀበልኩ ስለው አልተቆጣኝም። «እንግዲህ አይሻለሁ» ብቻ አለኝ። እያየኝም ነበር፣ ወንድሞቼ። የዋሸሁትም እሱ እያየኝ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ውሃ ጥም ያዘኝ። ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ። አሥር ጊዜ ወደ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ የእግሬ ጣቶች እንደ ጉንዳን ይወሩኝ ጀመር። ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄድኩ። ዶክተሩ ከሩሲያ በቅርቡ የመጣ ነው፤ የእሱም ዕብራይስጥ እንደኔው የተሰባበረ ስለነበር በደንብ ተግባባን። ደሜን አስመርምሮ «ሱካር፣ ሃርቤ ሱካር» አለኝ፤ ስኳር፣ ብዙ ስኳር። ክኒን አዘዘልኝና ወደ ነርሷ ላከኝ። ነርሷ ማዛል ትባላለች፣ የሻዓራይም ሰፈር ልጅ ናት፣ ወላጆቿ ከየመን የመጡ።

«በቀን ምን ምን ትበያለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ያፈርኩበትን ትቼ ነው የነገርኳት፤ ኬኩንና ፔቴሉን ዘለልኩት። እንዲያም ሆኖ ደነገጠች። «ባንቹ፣ ነጩን ነገር መቀነስ አለብሽ። ክኒኑ ብቻውን አይችለውም» አለችኝ።

በፈገግታ «ቤሰደር» አልኳት፤ እሺ ማለት ነው። በልቤ ግን ተናደድኩ። አንቺ ልጅሽ ዳቦ እያለች ሞታብሻለች? አልኩ በልቤ። የሰጠችኝን ወረቀት አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ክኒኔን እየዋጥኩ ዳቦዬን መብላት ቀጠልኩ።

ያን ጊዜ ነው ከሌላ ከተማ እንግዳ አገልጋይ ይመጣል የተባለው። እኔ ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን በውሃ ብቻ ጾምኩ። ክኒኑን ግን ጠዋትና ማታ እወስድ ነበር፤ ያዘዙኝ እንደዚያ ነዋ። በባዶ ሆድ መውሰድ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም። ሻባት ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ላይ ለሕሙማን ሲጸለይ ወደ ፊት ወጣሁ። መላ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ወደቅሁ። እናንተ እልል አላችሁ። አንዲት እህት ደግፋ አነሳችኝና አንድ ብርጭቆ ፔቴል አጠጣችኝ። ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጤ ቆመ፣ ሰላም ወረደብኝ። «ነካኝ! ጌታ ነካኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እሑድ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ወደ ማዛል ሮጥኩ። ጣቴን ወጋችና መሣሪያው ላይ አየች። ፊቷ በራ። «ዮፊ! በጣም ጥሩ ነው! ምን አደረግሽ? ሰሞኑን ምን በላሽ?»

እህቶቼ፣ ኃጢአቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። ሦስት ቀን እንዳልበላሁ አውቃለሁ። «ካራጊል» አልኳት፤ እንደ ወትሮዬ ማለት ነው። አንድ ቃል። ለምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ጾሜ ነው ብል ተአምሩ የሚያንስብኝ መሰለኝ። ጌታ የእኔን ውሸት የሚፈልግ ይመስል ረዳሁት።

በሚቀጥለው ሻባት እዚህ ቆሜ መሰከርኩ። የክኒኑን ብልቃጥ ከቦርሳዬ አውጥቼ እናንተ እያያችሁ እዚያ ጥግ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህት ባንቹ ትጸልይልን፣ እህት ባንቹ ከፊት ትቀመጥ ሆነ። በሕይወቴ ሙሉ ድስት አጣቢ ነበርኩ፤ ሰው ሲፈልገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠኝ፣ ወንድሞቼ። ከኬኩም ከማርማላታውም በላይ ጣፈጠኝ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ጥሙ ተመለሰ። በወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር አፌን ደቅኜ እጠጣ ነበር። ዓይኔ እንደገና ፈዘዘ። ማንም የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት ቀን አድብቼ ወደ ሩሲያዊው ዶክተር ሄድኩና ክኒኔ ጠፋብኝ አልኩት። ለካና አየ፣ እንደገና ጻፈልኝ። ክኒኑን እቤት ወስጄ የሹሮ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። ጠዋት ጠዋት ከሹሮ ውስጥ እያወጣሁ፣ ዱቄቱን አራግፌ እውጠዋለሁ። ከዚያም ቤት ለቤት እየዞርኩ እመሰክራለሁ። መዝከረት ባትያ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሄጄ «ክኒን የሚባል ነገር በአፌ አልዞረም» ብያለሁ። ያን ጠዋት ውጬ ነበር የሄድኩት። እዚህ ላይ እባካችሁ አትዘኑልኝ፤ ገና አልጨረስኩም።

እማማ ዘርፌን ታውቋቸዋላችሁ። ለማያውቋቸው፣ እማማ ዘርፌ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ በልጅነቴ ከእናቴ እኩል ቆንጥጠውኛል። እሳቸው የመጡት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁሉም ባንድ ላይ ሲመጡ። እዚህ ሬሆቮት ሳገኛቸው እናቴ የተነሳችልኝ መሰለኝ። ስለ ጌታ የነገርኳቸውም፣ ወደዚህ ስብሰባ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። እሳቸውም እንደኔ እዚህ ስኳር ወጣባቸው፣ እንደኔ ክኒን ታዘዘላቸው። ፊደል አያውቁም። የእኔን ምስክርነት ግን ከፊት ተቀምጠው ሰምተዋል።

ምስክርነቱን በሰጠሁ በሁለተኛው ወር ግድም ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስገባ ፊታቸው ያበራል።

«ባንቹ፣ ነይ ተቀመጪ። የምነግርሽ አለኝ። እኔም ጣልኩት እኮ!»

«ምኑን እማማ?»

«ክኒኑን ነዋ! ያንቺን አይቼ! ለአንቺ የሆነ ለእኔ አይሆንም እንዴ? አንድም ቀን አልቀመስኩት፤ ይኸው ደህና ነኝ።»

ክኒኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። እማማ ክኒንዎን ይዋጡ፣ እኔ ዋሽቻለሁ፣ ብላቸው ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ጌታ ይባረክ፣ እማማ» አልኩ። ጌታ ይባረክ አልኩ! ስሙን ለዚያ ተጠቀምኩበት። ደግሞ የያዝኩላቸውን ስጦታ አስቀመጥኩ፤ ከሥራ ቤት ያመጣሁትን ነጭ ዳቦና አንድ ካርቶን ዋፍል ብስኩት። «አይ ልጄ፣ ተባረኪ» ብለው መረቁኝ።

በዚያው ሰሞን ካሳ ሹሮ ልሥራ ብሎ ጣሳውን ከፍቶ ክኒኑን አገኘው። ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

ጣሳውን አንስቼ ልከድነው ጀመርኩ።

«ስሚኝ፣ እኔ የእናንተን ነገር አላውቅም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። የሚዋሸው አምላክሽ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «አንተ የመንፈስን ነገር አታውቅም» አልኩት። ተነሳና ሹሮውን ትቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እምነቴ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እስካሁን የሚያመኝ ጩኸቱ አይደለም፤ አልጮኸም። አለመጠየቁ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እማማ ዘርፌ ጋ ጎራ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ከድስት ውሃ ይጠጣሉ። ያናገሩኝ በእናቴ ስም ነው። ቤቱ ይሸታል። ወደ እግራቸው ሳይ የግራ አውራ ጣታቸው ጠቁሯል፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። አዲስ ጫማ ልጦት ነው፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። ስኳሩ ስሜቱን አጥፍቶት ኖሯል። ጎረቤት ጠርቼ አምቡላንስ አስጠራሁ፣ አብሬ ሆስፒታል ገባሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። አማርኛ የሚችል ሰው ስላልነበረ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ደማቸውን ለክተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሮ «ክኒኗን ትወስዳለች?» አለ።

ለእማማ ተረጎምኩላቸው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በደም ሥራቸው የሚገባው ውሃ ትንሽ ነፍስ ዘርቶባቸው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ተፈውሻለሁ በይው» አሉኝ። «እንደ አንቺው ተፈውሻለሁ በይው።»

እህቶቼ፣ ያን ሰዓት ምን ልበላችሁ። ዶክተሩ ይጠብቃል። እማማ ይጠብቃሉ። ያ ቃል በዕብራይስጥ ልውጣ ቢል አልወጣ አለኝ። ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ። «ሎ ላክሓ» አልኩት፤ አልወሰደችም። «ስምንት ወር ሙሉ አልወሰደችም። ቢግላሊ።» በእኔ ምክንያት። ዶክተሩ ምን እንደምል አልገባውም፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈና ሄደ። እኔ ግን ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከዋሸሁ በኋላ እውነት የተናገርኩባት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት። የተመለስኩት ያን ቀን ነው። ጌታን የተቀበልኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ የተመለስኩት ግን በዚያች የሆስፒታል ወንበር ላይ ነው። አቤት ምሕረቱ! አቤት ትዕግሥቱ!

ጣታቸውን ቆረጡት። እግራቸው ተረፈ፣ እሳቸውም ተረፉ፤ ክብር ለእርሱ ይሁን። በሦስተኛው ቀን ልባቸው ሲረጋጋ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጾሙን፣ ካራጊል ያልኩትን፣ የሹሮውን ጣሳ፣ በቦርሳዬ የነበረውን ክኒን። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ባንቹ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። የዚህ አገር ሰው የሚለኝንም አልሰማ። እኔ የማነበው የሰው ፊት ነው። ያንቺን አነበብኩ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ ሄድኩ። የያዝኩትን ይበላሉ፤ አያናግሩኝም። በመካከሉ ወደ ማዛል ሄድኩ። ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ «ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ያቺን የካራጊልን ነገር፣ ሦስት ቀን ጾሜ እንደነበር፣ ስንቀጠቀጥ እንደነበር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ባዶ ሆድሽን ክኒን ወስደሽ? ባንቹ፣ ስኳርሽ ከልክ በላይ ወርዶ ነው የወደቅሽው። መሞት ትችዪ ነበር። ያ ጣፋጭ ውሃ ነው ያነሳሽ።»

ወንድሞቼ፣ የጌታ መንፈስ በዚያ ቀን እዚህ አልነበረም አልልም። እኔ ማን ነኝና? ግን የእኔ መንቀጥቀጥ ረሀብና ክኒን ነበር፤ ሰላም ያልኩትም ፔቴል ነበር። ይህን ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ማዛል አንድ ነገር አደረገች። ከምሳዋ ላይ ነጭ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። «አኝኪ፣ ግን አትዋጪ» አለችኝ። አኘክሁ። «አኝኪ፣ ገና ነው።» ብዙ አኘክሁ። ቀስ እያለ አፌ ውስጥ ጣፈጠ።

«ስኳር አድርገሽበታል?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ። ፉርሽካው ወጥቶለት የላመ ነጭ ዱቄት ገና ከአፍሽ ጀምሮ ስኳር መሆን ይጀምራል። ሆድሽ ሲደርስ እንደ ጎርፍ ነው ወደ ደምሽ የሚገባው። ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ግን ሰውነትሽ ፈልፍሎ እስኪያወጣው ጊዜ ይወስዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ስኳር የለበትም ማለት አይደለም፤ አይጣደፍም።»

የነጭ ዱቄቱ እንጀራስ? አልኳት። ያው ነው አለችኝ፤ ነጭ ዱቄት በእንጀራ መልክ። ከዚያ ስለ አያቷ ነገረችኝ። «አያቴ ከየመን ስትመጣ እንደናንተ ቀጭን ነበረች። እዚያ የማሽላ ቂጣ ነበር የምትበላው። እዚህ ነጭ ዳቦና ስኳር አገኘች፤ እሷም በረከት ነው አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷም ጎረቤቶቿም ስኳር ታመሙ። አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፣ ስለዚህ አትፈሪ። ግን አትዋሺኝ።»

ማግስቱን ማዛል እናቷ የላኩትን የማሽላ ዱቄት በፌስታል ሰጠችኝ። ከገበያ ገብስና ምስር ገዛሁ። እንጀራዬን ማሽላና ገብስ ቀላቅዬ ጋገርኩ፤ ጠቆረ፣ ተሰነጣጠቀ፣ አላማረም። አጠገቡ ምስር፣ ጎመን። ዳቦ ስፈልግ ፍሬው የሚታየውን ጥቁሩን። ፔቴሉን ተውኩ። ቀላል ነበር አልላችሁም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ የተረፈ ዳቦ ወደ ቆሻሻ ስገለብጥ ልጄን አሰብኩና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጌታ ያን ዕለት በልቤ ያለኝን ልንገራችሁ፤ ዳቦውን በመብላት ልጅሽን አትመልሻትም አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለእሷ እየበላሁላት ኖሬ ነበር። አሁን እሷን ለእርሱ ትቼለታለሁ። ሃሌ ሉያ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለእማማ ያንኑ ጥቁር እንጀራ ከምስር ጋር ይዤ ሄድኩ። ሁለት ጉርሻ ጎረሱ። አኘኩ፣ አኘኩ። ከዚያ «ይሄ ምስር ጨው አንሶታል» አሉኝ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጨው አነሰው አሉኝ! አናገሩኝ! ጌታ ይባረክ!

እማማ አሁን ክኒናቸውን ይወስዳሉ፣ ቁስላቸው ደርቋል። በየቀኑ ምሳቸውን እኔ እሠራለሁ፤ በየቀኑም የሚያጎድሉብኝ ነገር አያጡም። የእኔም ስኳር በወራት ውስጥ ወረደ። ሩሲያዊው ዶክተር ወረቀቱን ሁለቴ አይቶ «ዛሬስ ጾመሽ አልመጣሽም?» አለኝ፤ ማዛል ነግራው ኖሯል። ያፈርኩትን ማፈር! ግን ክኒኔን በግማሽ ቀነሰልኝ። ልብ በሉ፣ እሱ ነው የቀነሰው፣ እኔ አይደለሁም። ግማሹን ዛሬ ጠዋትም ውጬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ተፈውሻለሁ ብዬ አልመሰክርም። ጌታ ከውሸቴ እየፈወሰኝ ነው፣ ገበታዬን እያጸዳልኝ ነው ብዬ እመሰክራለሁ።

ይህን ሁሉ ለወንድም ይርጋ ስነግረው ይገሥጸኛል ብዬ ነበር። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ክኒኑን ስትጥዪ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ ባንቹ። ዶክተሩ ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም» አለኝ። እነሆ እሱም አጎንብሷል፤ ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው።

እማማ ዘርፌን ዛሬ አብረን እንሂድ ብያቸው ነበር። እምቢ አሉ። «ጌታን አልተውኩትም። ግን ያጨበጨቡትን ሰዎች ለማየት ገና ነኝ» አሉኝ። ይህን እንዳለ እንድነግራችሁ አዘውኛል። ካሳም አላመነም። ዛሬ ስወጣ ግን «እውነቱን ልትነግሪያቸው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ጫማውን አደረገና እስከዚህ እስከ ማርሞሬክ ሰፈር ድረስ በእግሩ ሸኝቶኝ ተመለሰ። ለዚህች ለዚህች ጌታን አመሰግናለሁ። አይገባኝም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ ቤት ውስጥ በእኔ ምስክርነት ክኒኑን ወይም መርፌውን የጣለ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እጃችሁን አውጡም አልልም። በእኔ አትታመኑ። በጌታ ታመኑ፤ እርሱ እውነቱን ቢነግሩት አይደነግጥም፣ ከሐኪም ጋርም ጠብ የለውም። ስትጸልዩ ክኒናችሁን ውጣችሁ ጸልዩ። ጾም ያሰበ ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከስብሰባ በኋላ የምናቀርበውን ኮላና ኬክም እህቶች ተነጋገሩበት፤ እኔ ከሚቀጥለው ሻባት ጀምሮ የተቀቀለ ሽምብራና ቆሎ ይዤ እመጣለሁ።

ነገ እሑድ ነው። ኩፓት ሆሊም ሲከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ከሥራም አስፈቅጃለሁ። መምጣት የፈለገ ይምጣ። ቀድሞ መጥቶ ሳላየው መግባት ያሻው ሰውም ይግባ፣ አልከፋም። የፈራ ካለ ግን አብሬው ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለምን ጣልከው፣ ለምን ጣልሽው ብዬ አልጠይቅም። ዶክተሩ ሲጠይቅ የምትሉትን እተረጉማለሁ፤ ቃል በቃል፣ እንዳላችሁት። ስለ ሰማችሁኝ ጌታ ይባርካችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።